በማሽላ አገዳና በጭድ እንጉዳይ ማብቀል፦ ወሎ ላላችሁ ጀማሪዎች ከዝግጅት እስከ ለቀማ

እንጉዳይ የተዘራበትን ላስቲክ አረንጓዴ ሻጋታ ሲወርሰው ሰው መጀመሪያ የሚያማው ዘሩን ነው። «የሞተ ዘር ሸጡልኝ» ይላል። ደሴም ኮምቦልቻም የጠየቁኝ ጀማሪዎች አብዛኞቹ ያሉኝ ይህንኑ ነው። እንዴት እንዳዘጋጁት ስጠይቃቸው ግን ነገሩ ይገለጣል። አንዱ አገዳውን ሳያጠነፍፍ ሞልቶታል። ሌላው ትኩስ እያለ ዘርቶበታል። አንዲት እናት ደግሞ እንዲፋፋላቸው ብለው የጠላ አተላ ጨምረውበታል።

እንጉዳይ ዘሩ ላስቲክ ውስጥ ከገባ በኋላ ልታቃኑት የምትችሉት ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ ከዘሩ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ላይ ብዙ እቆያለሁ። እናንተም እዚያ ላይ አትቸኩሉ።

የምናበቅለው ኦይስተር የሚባለውን እንጉዳይ ነው። በአገዳም፣ በጭድም፣ በደረቅ ቅጠልም ይበቅላል፤ ለጀማሪ ከእሱ የሚቀል የለም። ልኩን ያወጣሁት ለ10 ኪሎ ደረቅ አገዳና ጭድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ በላይ አትሥሩ።

የሚያስፈልጋችሁ

- 10 ኪሎ ደረቅ አገዳና ጭድ
- 2 ኪሎ የእንጉዳይ ዘር
- ባለ 200 ሊትር በርሜል (ኬሚካል ወይም ነዳጅ ያልያዘ)
- ሁለት ወይም ሦስት ንጹሕ ማዳበሪያ ጆንያ
- ወፍራም፣ ውስጡ የሚያሳይ ላስቲክ፣ 12 ፍሬ፣ ቁመቱ ግማሽ ሜትር አካባቢ
- ቴርሞሜትር
- 70 ፐርሰንት አልኮል፣ ጓንት፣ የአፍንጫና የአፍ ጭምብል
- ንጹሕ ሸራ፣ ገመድ፣ አጎበር
- ውሃ እንደ ጉም የሚረጭ መርጫ

ቴርሞሜትሩን «በእጄ እለካለሁ» ብላችሁ አትዝለሉት። እጅ 50 ዲግሪንና 75 ዲግሪን አይለይም፤ ሁለቱም ያቃጥሉታል። ለእኛ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ምን ላይ እናብቅለው?

ወሎ ውስጥ ቆላውም ወይና ደጋውም ማሽላ ያመርታል። አገዳ ስለዚህ አይጠፋም። ጥሩ ነገርም ነው፤ ችግሩ ቅርፊቱ ደንዳና መሆኑና ወፍራሙ ቁራጭ በመሀሉ አየር መያዙ ነው። የጤፍ ጭድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ውሃ በደንብ ይጠጣል፣ ነገር ግን እርስ በርሱ ተጣብቆ ይታመቅና አየር ያሳጣል። ሁለቱን ብትቀላቅሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ሁለት እጅ አገዳ፣ አንድ እጅ ጭድ አድርጉት። ጭድ ለከብቱም ለቤት ምርጊቱም ስለሚፈለግ ውድ ነው፤ በዚህ መጠን ግን ብዙም አይጎዳችሁም።

የገብስና የስንዴ ገለባ ካላችሁ ለብቻውም ይበቃል። ደጋ ላላችሁ የመጀመሪያው ምርጫ እሱ ነው። በመርሳ በኩል እንደሚገኘው ያለ የደረቀ የሙዝ ቅጠልም ጥሩ ነው፤ ጥቁር ነጠብጣብ የበዛበትን ግን ጣሉት። የበቆሎ ቆረቆንዳ መጠቀም ይቻላል፤ እንደ ጥፍር እስኪያንስ ካልተሰበረና ቀንና ሌሊት ካልተነከረ ግን መሀሉ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ሻጋታውም ከዚያው ይነሳል።

የማሾና የባቄላ ገለባ ሀብታም ነው፤ ከአምስት አንድ እጅ በላይ አትጨምሩ። ምግቡ ሲበዛ ሻጋታውም ይጠግባል። ፉርሽካ፣ ፋጉሎና የጠላ አተላም እንዲሁ ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጨርሶ አታስገቧቸው። የቡና አተላ በዕለቱ ከጀበና የወጣ ከሆነ ብቻ፣ እሱም ጥቂት። ካደረ ይሻግታል።

ሰጋቱራ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ከተቀባ እንጨት፣ ከኮምፔርሳቶና ከጥድ የወጣውን አትንኩ። ጥድ መበስበስን የሚቋቋም እንጨት ነው፤ እንጉዳይ ደግሞ የሚኖረው እንጨቱን በማበስበስ ነው። ንጹሕ ሰጋቱራ ካገኛችሁ ከአራት አንድ እጅ ቀላቅሉ።

የጫት ገራባም ይሞከራል። ቅጠሉ ላይ የሚረጨው መድኃኒት ግን ያሳስበኛል። ማሳውን ካላወቃችሁት ተዉት። እንጉዳይ ያደገበትን ነገር ወደ ራሱ ይስባል፤ የምትበሉት ደግሞ እናንተና ልጆቻችሁ ናችሁ።

በማንኛውም ዓይነት ላይ አንድ ሕግ አለ፦ ዝናብ ያልመታው፣ የዘንድሮ፣ ደማቅ ቀለም ያለውና የድርቆሽ ሽታ ያለው ይሁን። ከክምሩ ግርጌ የወጣ ጠቆር ያለ አገዳ ሻጋታውን ይዞ ነው የሚመጣው።

ደረጃ 1፦ ዘሩን ማምጣት

1. መጀመሪያ ዘሩን እዘዙ። አገዳውን የምትነክሩት ዘሩ እጃችሁ ከገባ በኋላ ነው።
2. ለቦታችሁ የሚስማማ ዝርያ ጠይቁ። ደሴና ወረኢሉ አካባቢ ብርድ የሚችለውን፣ ቆቦ፣ ሐርቡና ባቲ ሙቀት የሚችለውን። ሻጩ ዝርያውን መናገር ካልቻለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።
3. ዘሩ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ከመጣ ጣራ ላይ አይጫን። መንገዱ ከደብረ ሲና ወርዶ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በከሚሴ ቆላ ነው የሚያልፈው። የእኔ አንድ ካርቶን ዘር በቀትር ፀሐይ ጣራ ላይ መጥቶ፣ ስከፍተው እንደ ጠላ ይሸታል። ማለዳ በሚነሳ መኪና፣ ከሰው ጋር ውስጥ ይምጣ።
4. ስትቀበሉ እዩት። ዘሩ የሚመጣው በማሽላ ወይም በስንዴ ፍሬ ላይ ነው፤ ፍሬው ዙሪያውን ነጭ ድር (እንጉዳዩ የሚወጣበትን ክር) ለብሶ መታየት አለበት። ሽታው የእንጉዳይ ሽታ ነው። አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ብርቱካንማ ነጥብ አንድም ቢሆን ካያችሁ፣ ወይም ከሥሩ ቢጫ ውሃ ካቆረና ከኮመጠጠ አትውሰዱት።
5. በዚያው ሳምንት ዝሩት። ካልሆነ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፤ ማቀዝቀዣው (ፍሪዘሩ) ውስጥ ግን አይግባ።

ከጫካ ወይም ከጓሮ የጅብ ጥላ ለቅሞ ዘር ለማድረግ የሚያስብ ሰው አለ። ይህን አታድርጉ። ከዱር እንጉዳዮች ውስጥ ጉበት የሚያጠፉ አሉ። መርዛቸው ቢቀቀልም አይጠፋም፤ ሕመሙም የሚጀምረው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው። «ትል ከበላው አይጎዳም» የሚባለውም እውነት አይደለም።

ደረጃ 2፦ ክፍሉን ማሰናዳት

ሁለት ቦታ ያስፈልጋል። አንዱ ድሩ የሚሮጥበት ጨለም ያለ ክፍል፣ ሌላው እንጉዳዩ የሚወጣበት እርጥብና አየር ያለው ክፍል። ቦታ ከጠበባችሁ አንዱን ክፍል በሸራ ከፍላችሁ ተጠቀሙ።

የጭቃ ቤት ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። ቀን አይግልም፣ ሌሊት ፈጥኖ አይቀዘቅዝም። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ግን በቀትር ይጠብሳል። ከበረት፣ ከዶሮ ቤትና ከፍግ ክምር የራቀ ይሁን። ጭስ የሚገባበት ማድቤትም አይሆንም።

1. ዕቃውን ሁሉ አውጡና ጥረጉ።
2. ግድግዳውንና መደርደሪያውን በረኪና በተቀላቀለ ውሃ እጠቡ። በርና መስኮት ክፍት ይሁን።
3. መስኮቱን በአጎበር ጨርቅ ሸፍኑ። ትንንሾቹ ዝንቦች እንቁላላቸውን ድሩ ላይ ነው የሚጥሉት።
4. ቢያንስ አንድ ቀን ይናፈስ።

ስለ ወቅቱ፦ ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ከመስከረም እስከ ጥር ብትጀምሩ ይቀላችኋል። ደሴ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ድሩን ያዘገየዋል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ይሻላል። ክረምት ላይ እርጥበት በነፃ ይገኛል፣ ነገር ግን ሻጋታውና ዝንቡም አብረው ይመጣሉ። የመጀመሪያ ሙከራችሁን በሐምሌ አታድርጉ።

ደረጃ 3፦ መከትከትና ማራስ

1. አገዳውን በመጥረቢያ ጀርባ ወይም በድንጋይ እየመታችሁ ሰንጥቁት። ከዚያ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር አድርጋችሁ ከትክቱ። ሰነፍ ሥራ እዚህ ላይ ይጋለጣል፤ ረጅም ቁራጭ ላስቲክ ይበሳል፣ ውስጡም ክፍተት ይተዋል።
2. ጭዱን አራግፉ። አቧራውን አስወግዱ።
3. ቀላቅላችሁ ጆንያ ውስጥ ክተቱና አፉን እሰሩ። ጥቅጥቅ አታድርጉት፤ ውሃ ይዙርበት።
4. ማታ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ንከሩት፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ጫኑበት። ሌሊቱን ይደር። ከተነከረ 12 ሰዓት ከሞላው በኋላ ብዙ አይቆይ፤ በሞቃት ቦታ መኮምጠጥ ይጀምራል።
5. ጠዋት ያንን ውሃ ድፉት። ቡናማውን ውሃ ለማፍያ አትጠቀሙበት።

አንዱን የአገዳ ቁራጭ አውጥታችሁ ለሁለት ስበሩት። መሀሉ ደረቅና ነጭ ከሆነ ተጨማሪ ሁለትና ሦስት ሰዓት ይቆይ።

ደረጃ 4፦ በሙቅ ውሃ ማጽዳት

ዓላማው ሁሉንም ነገር መግደል አይደለም። የሻጋታውን ጉልበት ሰብሮ ለእኛ ዘር ቀዳሚነት መስጠት ነው።

1. በርሜሉን ከግማሽ በላይ ውሃ ሙሉና እሳት አንድዱ።
2. ቴርሞሜትሩ 80 ሲያሳይ ጆንያዎቹን አስገቡ። ሙቀቱ ይወርዳል፤ እስኪመለስ ጠብቁ።
3. 70 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ ሰዓት ያዙ። ከ70 እስከ 80 ባለው ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል አቆዩት።
4. ጆንያው እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ጫኑ። ከውሃ በላይ የቀረ ክፍል አልጸዳም ማለት ነው።
5. የቴርሞሜትሩን ጫፍ ጆንያው መሀል ከትታችሁ አንድ ጊዜ ለኩ። ዳሩ 75 ሆኖ መሀሉ 55 ሊሆን ይችላል።

ደሴ ከፍታው 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ላይ ገደማ ነው፤ 100 አይደርስም። ለዚህ ሥራ አይጎዳንም፤ የምንፈልገው ከዚያ በታች ነው። ፉርሽካ የበዛበትን ሰጋቱራ ግን በተራ በርሜል ማፍላት የማይበቃው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እሱ በግፊት የሚሠራ ዕቃ ይፈልጋል።

ጆንያ ከበርሜል ማውጣት ለሁለት ሰው የሚሠራ ሥራ ነው። ውሃ የጠጣ ጆንያ ይከብዳል፣ ይፈሳልም። እሳቱን አጥፉ፣ ልጆችን አርቁ፣ በወፍራም እንጨት አንሱት።

*ማገዶ ከሌላችሁ በኖራ ይቻላል።* ለ100 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ከ200 እስከ 300 ግራም ኖራ በጥብጡ፣ የተከተከተውን ደረቅ አገዳና ጭድ ከ16 እስከ 24 ሰዓት ንከሩበት። ቀድሞ ማራስ አያስፈልግም፤ ሲወጣም በውሃ አታለቅልቁት። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ኖራው አንዴ ውሃ ጠጥቶ በርዶ ዱቄት የሆነው፣ ለግድግዳ የሚቀባው ዓይነት ይሁን። ድንጋዩ ኖራ ውሃ ሲነካው በኃይል ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል። ለአሲዳማ አፈር የሚበተነው የእርሻ ኖራ ደግሞ ለዚህ ጉልበት የለውም፤ ዝም ብሎ የተፈጨ ድንጋይ ነው። በእሱ ነክረው ሁሉም የሻገተባቸው ሰዎች አውቃለሁ። ጓንትና መነጽር አድርጉ።

ደረጃ 5፦ ማጠንፈፍና ማቀዝቀዝ

ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። እባካችሁ ቀስ በሉ።

1. ጆንያውን ከጣራ ማገር ላይ ወይም ዘንበል ባለ ንጹሕ ጣውላ ላይ አድርጉ። ውሃው ፈስሶ ጠብታ ብቻ እስኪቀር ይቆይ።
2. ሸራውን በበረኪና ውሃ እጠቡ፣ በር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ዘርጉት። ውጭ ነፋስ ላይ አታስጡት፤ አቧራው ሻጋታ ይዞ ይመጣል።
3. አገዳውን በስሱ አስጡት። በታጠበ እጅ ገልብጡት።
4. ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ከመሀልና ከሥር ወስዳችሁ ፈትኑት።

*የእጅ ፈተናው፦* አንድ እፍኝ ያዙና በሙሉ ኃይላችሁ ጭመቁ። በጣታችሁ መሀል አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። ውሃው ከወረደ ገና ነው፤ መልሳችሁ አስጡ። ምንም ካልወጣና እጃችሁ ካልረጠበ ደርቋል፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በትንሹ ረጩበት። ከላይ ያለውን ብቻ አትፈትኑ። ላዩ ሲደርቅ ሥሩ ውሃ አቁሮ ይገኛል።

*የሙቀት ፈተናው፦* የክምሩ መሀል ከ28 ዲግሪ በታች ይሁን። እኔ የመጀመሪያዬን ያጠፋሁት በዚህ ነው። ላዩን ነክቼ «በርዷል» ብዬ ዘራሁ። መሀሉ ግን ገና እንፋሎት ነበረው። አሥር ላስቲክ ሙሉ ዘር ተቀቀለብኝ። በሁለተኛው ሳምንት ላስቲኮቹ በሙሉ አረንጓዴ ነበሩ፤ እኔም ያማሁት ዘሩን ነበር።

ቀዝቅዞ ካደረ ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። የጸዳ አገዳ ባዶ ቤት ነው፤ ቀድሞ የገባ ይወርሰዋል። ስለዚህ በዚያው ቀን ዝሩ።

10 ኪሎው ደረቅ አገዳና ጭድ አሁን ከ25 እስከ 29 ኪሎ መመዘን አለበት። 35 ከሆነ ውሃ በዝቷል።

ደረጃ 6፦ መዝራት

1. በርና መስኮት ዝጉ። በዚያን ሰዓት ቤት አይጠረግ።
2. እጃችሁን እስከ ክርን በሳሙና ታጠቡ፣ ጓንቱን በአልኮል አብሱ። አልኮል ባለበት እሳት አይኑር፤ ሻማም ቢሆን።
3. የዘሩን ላስቲክ ሳትከፍቱ በእጃችሁ አሽታችሁ ፍሬ ለፍሬ አላቅቁት። ከዚያ ክፈቱ።
4. ላስቲኩ ውስጥ አንድ ጋት ያህል አገዳ ጨምሩና በቡጢ ጠቅጥቁት።
5. ዘር በትኑበት። አብዛኛውን ከላስቲኩ ዳር ዳር አድርጉት፤ ድሩ ሲሮጥ ከውጭ ታዩታላችሁ።
6. እንደገና አገዳ፣ እንደገና ዘር። አራት ወይም አምስት ንብርብር ይሁን። የመጨረሻው ላይ ዘሩን አብዙት።
7. አየሩን አስወጥታችሁ አፉን እሰሩ።
8. በአልኮል የተወለወለ ምስማር ይዛችሁ ዙሪያውን 10 ሳንቲሜትር እያራራቃችሁ ብሱ። ከሥሩም ሦስት ቀዳዳ ይኑረው፤ የተረፈ ውሃ ይውጣበት።
9. ቀኑንና የገባውን ነገር ላስቲኩ ላይ ጻፉ።

ለአንድ ላስቲክ 2 ኪሎ ተኩል የራሰ አገዳና ጭድ፣ 150 ግራም ዘር ይበቃል። ዘር ለመቆጠብ አትሞክሩ። ነገሩ ሩጫ ነው፤ ብዙ ቦታ የተበተነ ዘር ቶሎ ይሸፍናል፣ ሻጋታም ቦታ ያጣል።

ደረጃ 7፦ ጨለማ ክፍል ውስጥ ማቆየት

ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ጥሩ ነው። ላስቲኮቹ ራሳቸው ሙቀት ያመነጫሉ፤ የመሀላቸው ሙቀት ከክፍሉ በጥቂት ዲግሪ ይበልጣል። ስለዚህ አትደራርቧቸው፣ በመሀላቸው አንድ መዳፍ ክፍተት ተዉ።

ውሃ አትርጩ። አትክፈቱ። በየቀኑ እያነሳችሁ አታገላብጧቸው።

- ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን፦ በዘሩ ፍሬ ዙሪያ ነጭ ጸጉር ይታያል።
- በ10ኛው ቀን፦ ነጩ ድር ዳር ዳሩን ይገናኛል።
- ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ፦ ላስቲኩ ሙሉ ለሙሉ ይነጣል። ደሴ በብርድ ወራት እስከ 5 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ አትደንግጡ።

በየሁለት ቀኑ በባትሪ እዩአቸው። አንዱ ከሻገተ ያኔውኑ ከክፍሉ ይውጣ። ውስጥ ሆናችሁ አትፍቱት፤ ብናኙ ወደ ጤነኞቹ ይሄዳል።

ሙሉ ለሙሉ ከነጣ በኋላ አምስት ቀን ያህል ታገሡ። ድሩ ይጠነክራል፣ ላስቲኩ ስትጫኑት እንደ ስፖንጅ መልሶ ይገፋችኋል።

ደረጃ 8፦ ማብቀል

አሁን ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ጨለማ ይበቃል፣ ብርሃን ይግባ። ዝግ አየር ይበቃል፣ ንጹሕ አየር ይግባ።

1. በንጹሕ ምላጭ በእያንዳንዱ ላስቲክ ላይ አራት ወይም አምስት ቦታ፣ 5 ሳንቲሜትር የሚሆን መስቀለኛ ቅድ ቅደዱ። ላስቲኩን ገፍፋችሁ አታውልቁት፤ በበጋ ነፋስ ያደርቀዋል።
2. ብርሃኑ ጋዜጣ ለማንበብ የሚበቃ ይሁን። ፀሐይ በቀጥታ አያግኘው።
3. ወለሉንና ግድግዳውን በቀን ሦስትና አራት ጊዜ አርጥቡ። መስኮቱ ላይ እርጥብ ጆንያ ስቀሉ።
4. ከእያንዳንዱ መርጨት በኋላ በሩን 20 ደቂቃ ያህል ክፈቱ።
5. እንቡጦቹ ከወጡ በኋላ ውሃውን ወደ አየር እንደ ጉም ርጩት። በቀጥታ እንቡጡ ላይ አታፍስሱ።

ከቀደዳችሁ ከአራት ቀን እስከ ሳምንት ባለው ጊዜ እንደ ክብሪት ራስ ያሉ እንቡጦች ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ዕድገቱ ፈጣን ነው፤ ጠዋት ያያችሁት ማታ ሌላ ነው። ቤተሰብ ውስጥ መርጨቱን ለአንድ ሰው በኃላፊነት ስጡት። «እሷ ረጭታለች» «እሱ ረጭቷል» ሲባባሉ የደረቀ ብዙ አይቻለሁ።

ደረጃ 9፦ መልቀም

የእንጉዳዩ ጠርዝ ገና ወደ ታች እንደታጠፈ ልቀሙ። ጠርዙ ወደ ላይ ከተገለበጠ ዘግይታችኋል። ያን ጊዜ ነጭ ብናኝ ይለቃል፤ ብናኙ ሳምባ ይቆጣል፣ ሳል ያመጣል። ብዙ ላስቲክ ባለበት ክፍል ስትገቡ ሁልጊዜ ጭምብል አድርጉ። አስም ያለበት ሰው ለቀማ አይሥራ።

1. ከመልቀማችሁ በፊት ለጥቂት ሰዓት ውሃ አትርጩ።
2. ዘለላውን ከሥሩ ያዙ፣ ጠምዘዝ አድርጋችሁ በሙሉ ንቀሉት። አንድ በአንድ አትቁረጡ።
3. የቀረውን ጉማጅ በቢላ አጽዱ። ጉማጅ ይበሰብሳል፣ ዝንብ ይጠራል።
4. በቅርጫት ወይም በወረቀት አድርጉት። ፌስታል ውስጥ ያላብና በማግስቱ ይንሸራተታል።

ከዚያ ላስቲኩ ለአንድ ሳምንት ይረፍ፤ ክፍሉ ብቻ እርጥብ ይሁን። ስታነሱት በጣም ከቀለለ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰዓት ንከሩትና አጠንፍፉት። ቀጣዩ ዙር ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይመጣል። ሦስት ዙር ይበቃል።

ከ10 ኪሎ ደረቅ አገዳና ጭድ ጀማሪ 5 ኪሎ እንጉዳይ ካገኘ ጥሩ ሠርቷል። ልምድ ሲመጣ 7 እና 8 ይደረሳል። ከዚያ በላይ ቃል የሚገባላችሁ ካለ ሌላ የሚሸጠው ነገር አለው።

አብስላችሁ ብሉት፣ ጥሬውን አትብሉ። መጀመሪያ የምትበሉ ከሆነ በትንሹ ቅመሱና እደሩ፤ አልፎ አልፎ የማይስማማው ሰው አለ። የተረፈውን በስሱ ሰነጣጥቃችሁ አጎበር ሥር በፀሐይ አድርቁት። ሲሰበር «ቀጭ» የሚል ከሆነ በጠርሙስ ክደኑት።

ሲበላሽስ?

*አረንጓዴ ሻጋታ።* ከሁሉ የበዛው ይህ ነው። እንደ ሳንቲም ያነሰች ነጥብ ከሆነች ጨው በደንብ ነስንሱባትና ላስቲኩን ለብቻው አድርጉት። ከሩብ በላይ ከያዘ ውጭ ወስዳችሁ ቅበሩት። ሁሉም ላስቲክ ላይ በአንድ ጊዜ ከወጣ ጥፋቱ ደረጃ 4 ወይም 5 ላይ ነው። አንዱ ላይ ብቻ ከወጣ ያ ላስቲክ ተቀዷል ወይም እጃችሁ ላይ የሆነ ነገር ነበር።

*ብርቱካንማ ዱቄት የሚመስል ሻጋታ።* ቆረቆንዳ ላይ ይወዳል፣ በአንድ ሌሊት ክፍሉን ይሞላል። ሳትነኩት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አውጡት። ከዚያ ክፍሉን እንደገና እጠቡ።

*የኮመጠጠ ወይም የበሰበሰ ሽታ፣ ከሥሩ ውሃ።* ውሃ በዝቷል። ከሥሩ ተጨማሪ ቀዳዳ ብሱና አዘንብሉት። በሦስት ቀን ካልተሻለው ይውጣ።

*ድሩ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።* ቁልቁል ካልወረደ ሥሩ ውሃ አቁሯል። መሀሉ ባዶ ከሆነ ግሏል ወይም አገዳው አልራሰም። ብርድ ከሆነ ደግሞ ዝም ብሎ ዘግይቷል፤ ወደ ሞቃት ክፍል ውሰዱትና ሳምንት ጠብቁ።

*እግሩ ረጅም፣ ጃንጥላው ትንሽ።* አየር አጥቷል። በሩን ቶሎ ቶሎ ክፈቱ። ሰው ይህን ሲያይ ውሃ ይጨምራል፤ ውሃ አይደለም የጎደለው።

*እንቡጡ ቢጫ ሆኖ ደረቀ።* ነፋስ መትቶታል ወይም መርጨት ተረስቷል። የደረቀውን አንሱ፣ እርጥብ ጆንያውን ጨምሩ፤ ከሌላ ቅድ ይወጣል።

*ጃንጥላው ላይ ቡናማ የሚያሙለጨልጭ ነጠብጣብ።* ውሃ አድሮበታል። ማታ አትርጩ፤ ከረጫችሁ በኋላ አናፍሱ።

*ቀጭን እግር ያለው፣ በማግስቱ ወደ ጥቁር ቀለም የሚቀልጥ እንግዳ እንጉዳይ።* የእናንተ ዘር አይደለም። አገዳው በደንብ አልጸዳም ወይም የማሾ ገለባው በዝቷል። አትብሉት፤ ነቅላችሁ ጣሉት። በአጠቃላይ ከላስቲኩ የወጣው ነገር ከዘራችሁት ጋር ካልተመሳሰለ ወደ ድስት አይገባም።

*ጥቃቅን ዝንብ።* አጎበሩን ፈትሹ። ዘይት የተቀባ ቢጫ ላስቲክ መስኮት አጠገብ ስቀሉ፣ ይጣበቃሉ። የተባይ መርዝ እንጉዳይ ባለበት ክፍል አይረጭም።

ከሦስተኛው ዙር በኋላ

ላስቲኩን ቀድዳችሁ ውስጡን ከአፈርና ከፍግ ጋር ከምሩት፤ ለጎመንና ለሽንኩርት መደብ ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል። ሻጋታ ያለበትን ለከብት አትስጡ። ክምሩ ከማብቀያው ክፍል ይራቅ። ላስቲኩን አታቃጥሉት፤ ሰብስባችሁ አስወግዱ።

ከዚያ ክፍሉን በበረኪና ውሃ እጠቡና አንድ ሳምንት ባዶውን አናፍሱት። ሁለተኛውን ዘር የምታዙት ክፍሉ ከደረቀ በኋላ ነው።